ቃጠሎ ሲደርስ፦ ከመጀመሪያው ውሃ እስከ ጠባሳው እንክብካቤ

በሰሜን ሸዋ ደጋ እሳት ከቤት አይለይም። በመንዝ፣ በጣርማ በር፣ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ቁሩ ሲበረታ ቤተሰቡ ምድጃ ከቦ ያመሻል፤ እንጀራው የሚጋገረውም፣ ወጡ የሚሠራውም፣ አረቄው የሚወጣውም ብዙ ጊዜ ሕፃናት በሚድኹበት በዚያው ወለል ላይ ነው። ረመጥ የረገጠ ሕፃን፣ የፈላ ሽሮ የተደፋባት ልጅ፣ ስትጋግር የቀሚሷን ጫፍ እሳት የያዘባት እናት ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር አይደሉም። ይህ ጽሑፍ የሐኪሙን ሥራ ለሐኪም ትቶ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለውንና የሚገባውን ይመለከታል፤ ይኸውም የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም ቁስሉ መዳን ከጀመረ በኋላ ያሉትን ረጅም ወራት ነው። ጣት ተጣብቆ፣ ክርን ታጥፎ፣ አንገት ወደ ደረት ተስቦ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ወቅቶች መደረግ ያለበት ሳይደረግ በመቅረቱ ነው።

እሳቱን ማጥፋትና ከአደጋው ማራቅ

ልብሱ የተያያዘ ሰው መሮጥ የለበትም፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋልና። መሬት ላይ አስተኝቶ ማንከባለል፣ አለዚያም በወፍራም ልብስ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ እግሩ እየሸፈኑ ማፈን ያስፈልጋል፤ አቅጣጫው እንዲህ የሚሆነው ነበልባሉ ወደ ፊት እንዳይወጣ ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ወይም በርኖስ ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ጠጉር በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ አይቀልጥምም። የናይሎን ብርድ ልብስ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ለማፈኛ አይሆንም።

አረቄ በሚወጣበት ቤት ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። የአረቄ ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ በመሆኑ በቀን ብርሃን ላይታይ ይችላል፤ ጠፍቷል ተብሎ የተጠጋ ሰውም ይያያዛል። ድስት ውስጥ የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ደግሞ ውሃ አይደፋም፤ ክዳን ገጥሞ ከሥሩ ያለውን እሳት ማጥፋት ይበቃል።

በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው መንካት የሚቻለው ኃይሉ ከቆጣሪው ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ሰው ከላይ የሚታየው ቁስል ትንሽ ቢሆንም ውስጡ ሊጎዳና የልቡ ምት ሊዛባ ስለሚችል፣ ደህና ነኝ ቢልም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የባትሪ አሲድ ወይም በረኪና የፈሰሰበት ሰው ልብሱ ወልቆ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በብዙ ውሃ ይታጠባል። ኖራና ሲሚንቶ ከሆነ በመጀመሪያ ደረቁን ዱቄት ማራገፍ፣ ከዚያ ማጠብ ነው። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ የዓይኑን ቆብ ከፍቶ ይዞ ውሃ ማፍሰስ ይገባል፤ የሚፈሰው ውሃ ወደ ጤነኛው ዓይን እንዳይሄድ ጭንቅላቱ ወደ ተጎዳው ዓይን ጎን ይዘንበል።

ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ

ለቃጠሎ የመጀመሪያው መድኃኒት ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ነበልባሉ ቢጠፋም፣ የፈላው ነገር ቢጠረግም ሙቀቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜም ጉዳቱ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ውሃ ያንን ሙቀት ያወጣል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ እብጠቱን ይቀንሳል፤ ቁስሉ ጠልቆ ቆዳ እስከ ማስለጠፍ የሚያደርስ እንዳይሆንም ያግዛል። ውሃ የነካው ቃጠሎ ይብሳል፣ ውሃ ይቋጥራል የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። ውሃ የሚቋጥረው ሙቀቱ የቆዳውን ሽፋኖች ስላላቀቃቸው ነው፤ ውሃ ቢፈስበትም ባይፈስበትም መቋጠሩ አይቀርም።

መጠኑ 20 ደቂቃ ነው። ሁለት ጣሳ አፍስሶ መተው፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ወደ መኪና መሮጥ አይበቃም። የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቤት ይህን ያህል ጊዜ ማፍሰስ የማይቻል ይመስላል እንጂ ይቻላል፤ 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል በቀጭኑ ቢንቆረቆር በትክክል 20 ደቂቃ ይዘልቃል። የተጎዳውን እጅ ሳፋ ላይ አሳርፎ፣ ጀሪካኑን አንድ ሰው አዘንብሎ፣ ውሃው ከቁስሉ ከፍ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጀምሮ ቁስሉ ላይ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ውሃው በኃይል ቁስሉን መምታት የለበትም። ጀሪካኑ ግማሽ ብቻ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ እየነከሩ መደረብ፣ ጨርቁ በሞቀ ቁጥርም እንደገና መንከር ይቻላል። ንጹሕ ውሃ ፈጽሞ ከጠፋ የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃም ቢሆን ዝም ከማለት ይሻላል፤ ቁስሉ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ወዲያው ማቀዝቀዝ ያልተቻለ እንደሆነም ቃጠሎው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ማቀዝቀዙ አሁንም ይጠቅማል። በረዶ ግን አይደረግም፤ የተጎዳውን ቆዳ ይበልጥ ይጎዳዋልና።

በደጋው ግን አንድ ነገር አብሮ መታሰብ አለበት። ማታ ላይ በመሐል ሜዳ ወይም በደብረ ብርሃን እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ የተቃጠለ ሰው ደግሞ ሙቀቱን የሚጠብቅለትን ቆዳ ስላጣ ቶሎ ይበርደዋል። ስለዚህ የሚቀዘቅዘው ቁስሉ እንጂ ሰውየው አይደለም። የተቃጠለው ክፍል ብቻ ተገልጦ ውሃ ሲፈስበት ቀሪው ሰውነት በጋቢ ወይም በባና ይሸፈን። ሕፃን መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ማፍሰሱን አቁሞ ማሞቅ ይቀድማል። አብዛኛው ሰውነቱ የተቃጠለን ሰውም ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም።

ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ሌላ ሰው ቀለበቱን፣ አምባሩን፣ ሰዓቱን፣ ጫማውን ያውልቅ። እብጠቱ ከመጣ በኋላ ቀለበት ጣትን አንቆ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል። አንገቱ የተቃጠለ ሰው ማተቡ ላላ ተደርጎ ይታሰርለት ወይም ንጹሕ በሆነ ቦታ ይቀመጥለት። በፈላ ነገር የራሰ ልብስ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ ይወልቅ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀው ግን አይጎተትም፣ ዙሪያው በመቀስ ተቆርጦ የተጣበቀው እንዳለ ይቀራል።

ቁስሉ ላይ የማይደረጉ ነገሮች

ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና፣ ዱቄት፣ አመድ፣ ጭቃ፣ የተወቀጠ ቅጠል፣ እበት፣ አረቄ፦ እነዚህ ሁሉ በደግ ልብ የሚደረጉ ናቸው፤ ሁሉም ግን ይጎዳሉ። ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል። አረቄ የተጋለጠውን ሥጋ ያቃጥላል፣ ሕመሙንም ያብሳል። ጭቃና እበት የመንጋጋ ቆልፍን ተሕዋስ ይዘው ሊገቡ ይችላሉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ከቃጠሎው የበለጠ ገዳይ ነው። ሌላም ጉዳት አላቸው፤ ሐኪሙ የቁስሉን ጥልቀት ለማየት እነዚህን ሁሉ ፍቆ ማንሣት ይኖርበታል፣ ያም ለታማሚው ሁለተኛ ሥቃይ ነው። ማር ለቁስል እንደሚጠቅም የሚናገሩ ሰዎች ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ ለሕክምና ተብሎ ከጀርም የጸዳ ማር በየአገሩ ለቁስል ይውላል። ከቀፎ ወይም ከገበያ የመጣው ግን እንዲያ ያልጸዳ ስለሆነ ትኩስ ቁስል ላይ ባይደረግ ይመረጣል።

በአገራችን ብዙ ሰው እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወዳሉ ጸበሎች በእምነት ይሄዳል። ይህን ማንም ሊከለክል አይገባውም፤ ነገር ግን የተከፈተ የቃጠሎ ቁስል ብዙ ሰው በሚጠመቅበት ቦታ ከሌላው ሰው ሰውነት ከሚወርድ ውሃ ጋር እንዳይነካካ መጠንቀቅ፣ ሕክምናውንም ሳያቋርጡ ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ጸበሉን መጠጣት ሕክምናውን አይከለክልም፤ ሕክምናውም ጸበሉን አይከለክልም።

ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡት። የቋጠረው ቆዳ ከሥሩ ላለው ሥጋ የራሱ የሰውነት ፋሻ ነው። በራሱ ከፈረጠ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ ብሎ ማጠብ ይገባል።

መሸፈንና ሕመም ማስታገስ

ከማቀዝቀዙ በኋላ ቁስሉ በንጹሕ ነገር ይሸፈን። ለምግብ መጠቅለያ የሚያገለግለው ስስ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ካለ የመጀመሪያውን ዙር ጥሎ ቀጣዩን ቁስሉ ላይ በቁመቱ መደረብ ነው፤ ዙሪያውን ጠምዝዞ ማሰር ግን እብጠት ሲመጣ ያንቃል። ከሌለ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ፣ ብናኝ የሌለው ነጠላ ወይም አንሶላ ይሆናል። ጥጥ ተጣብቆ ስለሚቀር ቁስሉ ላይ አይደረግም። የተቃጠለ እጅ ወይም እግር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እብጠቱ ይቀንሳል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሰጣል። ለአዋቂ 500 ሚሊ ግራም ያለው እንክብል አንድ ወይም ሁለት በየ6 ሰዓቱ ይበቃል። ለልጆች በክብደታቸው ልክ በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለበት ማን ነው

የቃጠሎውን ስፋት በታማሚው በራሱ መዳፍ መለካት ይቻላል፤ ጣቶቹ ተገጥመው ያለው መዳፍ በግምት ከሰውነቱ ቆዳ 1 በመቶ ነው። ልጅ ከሆነ ከ5 መዳፍ በላይ፣ አዋቂ ከሆነ ከ10 መዳፍ በላይ የሚሸፍን ቃጠሎ ሆስፒታል ይፈልጋል። ቀልቶ ብቻ ውሃ ያልቋጠረው ክፍል በልኬቱ አይቆጠርም። ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ፣ ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን የከበበ፣ ወይም በኤሌክትሪክና በኬሚካል የመጣ ቃጠሎ በሐኪም መታየት አለበት። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ።

በጣም የሚያሳስበው ሕመም የሌለው ቃጠሎ ነው። ነጣ ያለ፣ የጠቆረ፣ ወይም እንደ ደረቀ ቁርበት የጠነከረ፣ ሲነካም የማያም ቆዳ ነርቮቹ ጭምር ተቃጥለዋል ማለት ነው። ሕመምተኛው ስላልጮኸ ቀላል ነው ብሎ መተው ትልቅ አደጋ አለው። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች እሳት ላይ ሲወድቁ ብዙ ጊዜ የሚደርስባቸው እንዲህ ያለው ነው፤ እነርሱ ከቃጠሎው ሕክምና ጋር የሚጥል በሽታውንም መድኃኒት እንዲያገኙ ቤተሰቡ ይጠይቅ፤ አለዚያ አደጋው ይደገማል።

ተዘግቶ በጨሰ ቤት ውስጥ የተገኘ ሰው ድምፁ ከጎረነነ፣ የአፍንጫው ፀጉር ከተለበለበ፣ አክታው ጥቀርሻ ካለው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው የመተንፈሻ ቧንቧው እያበጠ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰዓት የማይሰጥ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ጎረቤት ቃሬዛ ሲያዘጋጅ ሌላው ሰው ለጤና ኬላው ወይም ለጤና ጣቢያው ይደውል።

መንገዱ ረጅም የሆነ እንደሆነ፣ ለምሳሌ ከመንዝ ቀበሌዎች ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከመርሐ ቤቴ ገጠር ወደ ዓለም ከተማ፣ ወይም ከዚያ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወሰድ፣ ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው ብዙ ፈሳሽ በቁስሉ በኩል ያጣል። ነቅቶ የሚያወራና የማያስመልሰው ከሆነ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ጥቂት በጥቂት እየተጎነጨ ይሂድ። ኦ.አር.ኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም ነገር በአፉ አይሰጥም። ቃጠሎው የደረሰበትን ሰዓትና የተሰጠውን መድኃኒት በወረቀት ጽፎ መላክ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው፤ የሚሰጠው ፈሳሽ መጠን የሚሰላው ከተቃጠለበት ሰዓት ጀምሮ ነውና። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም በዚያው ይጠየቅ።

ቁስሉን ቤት ውስጥ መንከባከብ

ቁስሉ ትንሽና ከላይ ከሆነ ሐኪሙ ወደ ቤት ይልከዋል። ፋሻውን የሚቀይረው ሰው ጥፍሩን አሳጥሮ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የተጣበቀ ጎዝ በጉልበት አይላቀቅም፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እያፈሰሱ ማለስለስ ነው። ከዚያ ቁስሉን በዚያው ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ ውሃውን እየነኩ ማድረቅ፣ ቫዝሊን ወይም ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት በስሱ መቀባት፣ ጎዝ ደርቦ በፋሻ ላላ አድርጎ መሸፈን ነው። ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለው ነጭ ቅባት በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ለመውለድ ለተቃረበች ነፍሰ ጡርና ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይሆንም።

የተቃጠለው እጅ ከሆነ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይጠቀለል። በጣትና በጣት መካከል ጎዝ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው መዳፉ የሚታሰረው። አምስቱን ጣት አንድ ላይ ጠቅልሎ ማሰር ለሚያስረው ሰው ይቀላል፤ ነገር ግን ሁለት ጥሬ ቁስሎች ለቀናት ተነካክተው ሲቆዩ አንድ ሆነው ይድናሉ፣ ጣቶቹን ለመለየትም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ እንክብካቤ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ተጨማሪ ጎዝና አምስት ደቂቃ የልጁን እጅ ያተርፋሉ።

በቁስሉ ዙሪያ መቅላቱ ከሰፋ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው። ልጅ ከሆነ ቁስሉ ያማረ ቢመስልም ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና መፍዘዝ ከታዩበት በዚያው ቀን መታየት አለበት። ሦስት ሳምንት ሞልቶት ያልዳነ ቁስል ቆዳ ማስለጠፍ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ይደርቃል እያሉ ከመጠበቅ ሪፈር መጠየቅ ይገባል።

ምግብን በተመለከተ ቁስል የሚሽረው በፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ካለ ይጨመር። የጾም ወቅት ከሆነ ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ስለምትሰጥ የንስሐ አባትን ማማከር ይቻላል። እጾማለሁ የሚል አዋቂም ከደጋው ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ፣ ከቆላው ከሚመጣው ብርቱካንና ፓፓያ ጋር በዛ አድርጎ ይብላ።

መገጣጠሚያው እንዳይታጠፍ

የተቃጠለ ሰው ሕመሙን ለመሸሽ ክርኑን ያጥፋል፣ ጉልበቱን ይሰበስባል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ቁስሉ ሲድን ቆዳው ስለሚሰበሰብ፣ የሚመቸው አቀማመጥ በኋላ የሚደርቅበት አቀማመጥ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መገጣጠሚያው ከሚሰበሰብበት አቅጣጫ ተቃራኒ ተዘርግቶ ይቀመጥ። አንገቱ ከፊት የተቃጠለ ሰው ያለ ትራስ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይተኛ። ብብቱ የተቃጠለ ክንዱን ከጎኑ አርቆ ትራስ ላይ ያሳርፍ። ክርንና ጉልበት ከታጠፉበት በኩል ሲቃጠሉ ተዘርግተው ይደሩ፤ ለዚህም ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መደገፊያ ሊያስር ይችላል።

በቀን ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያውን እስከ መጨረሻው ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ልጁ ያለቅሳል፤ ለእናት ይህን ማየት ከባድ ነው። ሕመም ማስታገሻውን ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ መስጠት፣ እንቅስቃሴውንም በጨዋታ ማስደረግ ያቀልላል፤ ኳስ መወርወር ብብትን ይዘረጋል፣ ሊጥ መጭመቅ ጣትን ያንቀሳቅሳል።

ጠባሳው

ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም ሥራው አላለቀም። ጠባሳ እስኪበስልና እስኪለሰልስ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀላል፣ ያብጣል፣ እጅግ ያሳክካል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቫዝሊን ቀብቶ በአውራ ጣት ጫን አድርጎ እየዞሩ ማሸት ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ጠባሳውንም ያለሰልሳል። ማሸት የሚጀመረው ግን ምንም ክፍት ቦታ ሳይቀር ነው። በደጋው ፀሐዩ ባያሞቅም ጨረሩ ብርቱ በመሆኑ አዲስ ቆዳ ቶሎ ይጠቁራል፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በልብስ፣ ፊት ከሆነ በባርኔጣ ወይም በነጠላ ይጋረድ።

ቀድሞ ተጣብቆ ወይም ታጥፎ የቀረ እጅ፣ አንገት ወይም ጉልበት ያለው ሰው፣ ዓመታት ያለፉት ቢሆንም፣ በቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል። ሕክምናው በአዲስ አበባ እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ባሉ የቃጠሎና የፕላስቲክ ሰርጀሪ አገልግሎት ባላቸው ተቋማት ይሰጣል። መንገዱ የሚጀምረው ከቅርብ ጤና ጣቢያ ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ያለው ቤተሰብ መታወቂያው የታደሰ መሆኑን አረጋግጦ፣ የሪፈር ወረቀቱን በየደረጃው አስሞልቶና አስፈርሞ ይዞ ይሂድ።